የጉንጮ ሳህን

የከተማ አውቶቡስ ሾፌሩን ሰው ሁሉ ጉንጮ ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የወተት ጥርሱን ያልነቀለ፣ ክንዱ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነ ልጅ ነበር። እህቱ ትምህርቷን አቋርጣ አንድ አዳሪ ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ተቀጠረች፤ ለራሷ ከሚሰጣት ምሳ ግማሹን በሳህን ከድና እያመጣች አሳደገችው። ፊቱ ሞላ ማለት ሲጀምር ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ ጉንጩን ቆንጠጥ እያደረገች ጉንጮ አለችው፣ በዚያው ቀረ። እሱም በስሟ ጠርቷት አያውቅም፤ እታለም ነው የሚላት፣ ሰፈሩም እሱን ሰምቶ እታለም ይላታል።

አሁን ጉንጮ ሃምሳውን አልፏል። ሆዱ ከአውቶቡሱ መሪ ጋር እየተሻሸ የሚነዳ፣ ከተሳፋሪ ጋር ሲቀልድ ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። እታለም ባሏ ሞቶ፣ ልጆቿ ሌላ ከተማ ሥራ ይዘው ብቻዋን ቀርታለች። ዓመቱን ሙሉ በቁራሽ ዳቦና በሻይ ትውላለች፤ በዓል ሲመጣ ግን ሰባት ድስት የምትጥድ ሴት ትሆናለች። በበዓል ቀን ጉንጮና ሚስቱ እሷ ቤት ካልበሉ በዓሉ አልዋለም ማለት ነው።

ስኳር እንዳለበት የታወቀው መሥሪያ ቤቱ ሾፌሮችን በየዓመቱ ሲያስመረምር ነው። ሐኪሟ ወጣት ልጅ ናት፤ ውጤቱን አየት አድርጋ ወንበሯን ወደሱ አስጠጋችና ነገሩን ሳታከብድም ሳታቀልም ነገረችው። እሱ ግን ስኳር ከሚለው ቃል በኋላ ያለውን በደንብ አልሰማም። እናታቸው የሞተችው በስኳር ነው። እግሯ ላይ የወጣች ትንሽ ቁስል አልድን ብላ፣ እየሰፋች ሄዳ ነው የወሰደቻት። እታለም ከዚያ ወዲህ የበሽታውን ስም ጠርታ አታውቅም፤ የግድ ማንሳት ካለባት «ያ ነገር» ነው የምትለው።

ጉንጮ ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ነገራት፣ እታለም ጆሮ እንዳይደርስ ደግሞ አስማላት። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው በር ላይ ባለች ጠባብ ክፍል የሰፈሩን ሴቶች ቀሚስ ትሰፋለች። ረጋ ያለች፣ ቃሏን የምትጠብቅ ሴት ናት። መማሉን አልወደደችውም። ለታላቅ እህት እንዲህ ያለ ነገር አይደበቅም ብላ ሞገተችው፤ እሱ ግን የእታለም ልብ አይችለውም ብሎ ድርቅ አለ። በመጨረሻ ማለችለት።

ብዙም ሳይቆይ በዓል ሆነ። ጉንጮ ወደ እህቱ ቤት ሲሄድ ትንሽ ቀማምሶ ሊነሳ ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ቆዳው ወርቅ የመሰለ የተጠበሰ ዶሮ፣ ስቡ የሚያብለጨልጭ ሥጋ፣ በቅቤ ያበደ ሩዝ፣ ትኩስ ዳቦና ማር የጠጣ ኬክ ተደርድሯል። እታለም ራሷ አልተቀመጠችም፤ ጭልፋዋን ይዛ ከኋላው ቆማለች። ሳህኑ ጎደል ባለ ቁጥር «በሞቴ» ትላለች፣ ጭልፋው ይወርዳል። ሚስቱ በጠረጴዛው ሥር እግሩን ትረግጠዋለች፤ እሱ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ ይበላል። ሆዱ እንቢ ሲለው እንኳ ቀና ብሎ የእህቱን ፊት ሲያይ አንጀቱ አልችል ይለዋል፤ ያ ፊት በሳህን ምሳ ከድና የምትመጣው የልጅቷ ፊት ነው። ኬኩንም ደግሞ በላ። በለስላሳ አወራረደው።

በማግስቱ ጠዋት መሪ ላይ ሲቀመጥ ጥማት ጉሮሮውን አድርቆት ነበር። ውሃ ቢጠጣ ቢጠጣ አልረካም። መንገድ ከጀመረ በኋላ ደግሞ ዓይኑ ብዥ አለው፤ የፊት ለፊቱ መኪና ሁለት ይሆናል፣ የትራፊክ መብራቱ ቀይ እንደ ፈሰሰ ቀለም ይበተናል። ፌርማታ ላይ ለመቆም ወደ ዳር ሲጠጋ ጎማው እግረኛ መንገዱ ላይ ወጣ። ከዘራ የያዙ አንድ አዛውንትን አጠገባቸው የነበረ ሰው ክንዳቸውን ይዞ ባይጎትታቸው ኖሮ ሌላ ወሬ በሆነ ነበር። ስፖኪዮው ከመብራት ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተሰባበረ። ጉንጮ ፍሬኑን ይዞ ሞተሩን አጠፋ። ተሳፋሪው ይጮህበታል። ወርዶ አዛውንቱን ይቅርታ ጠየቀ፣ ስምሪት ክፍል ደውሎ ደግሞ ያለበትን በሽታ ጭምር ሳይደብቅ ተናገረ።

እውነቱን በመናገሩ ከሥራ አልተባረረም። ሐኪሟ እስክትፈቅድለት ድረስ ግን መሪ እንዳይነካ ተደርጎ ጋራዡ በር ላይ የሚገባና የሚወጣ አውቶቡስ እንዲቆጣጠር ተመደበ። ጓደኞቹ በፊቱ ሲነዱ ሲያልፉ ቅስሙ ይሰበራል። ቢሆንም ያ ድንጋጤ አንድ ነገር አድርጎለታል፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መድኃኒቱን አልዘለለም። ሚስቱ የሳህኑን ግማሽ በአትክልት መሙላት ጀመረች፣ ዳቦው ቀነሰ፣ ማታ ማታ ይበላው የነበረው የተረፈ ምግብ ቀረ። ሻይ ያለ ስኳር መጠጣት ሰማይ ተደፋብኝ አሰኝቶት ነበር፤ ቆይቶ እሱንም ለመደው። ወራት አልፈው ሐኪሟ ፈቀደችለትና ወደ መሪው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ሆዱ ከመሪው ተላቋል፣ ሱሪውን ሚስቱ አጥብባለታለች፣ ጉንጩም ከስሙ ጋር ተጣልቷል።

ችግሩ የተነሳው ከዚህ ነው። እታለም የወንድሟን መክሳት አየች። መጀመሪያ ሥራ በዝቶበት ነው አለች። ቀጥላ ልጠይቀው ብላ እሱ ቤት ስትሄድ በምሳ ሰዓት ሳህኑ ላይ ጎመንና ካሮት ብቻ አየችና ፊቷ ጠቆረ። ምነው ብትለው፣ ሰውነቴ ከብዶኝ ነው ብሎ ሳቀባት። እሷ ግን ሳቁን አላመነችውም። ወንድሟን በእጇ ያሳደገች ሴት ናትና የሚደብቃት ነገር እንዳለ ገብቷታል፤ ምን እንደሆነ ስላላወቀች በቅርብ ያገኘችውን ያዘች። ሚስቱን ያዘች።

ሰፊዋ ወንድሜን በምግብ ትቀጣዋለች፣ ቤቷ እሳት አይነድም፣ ቀን ከሌት የስፌት መኪናዋ ላይ ተጣብቃ ባሏን አስራበችው ማለት ጀመረች። መጀመሪያ ለጎረቤቷ ነገረች፣ ቀጥላ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ከዚያ ሰፈሩ ተቀባበለው። ቀሚስ ሊለኩ የሚመጡ ሴቶች ወደ ጓዳ አንገታቸውን ሰገግ እያደረጉ ድስት መጣዱን ያያሉ። ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። ማታ ለጉንጮ ስትነግረው እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ ትንሽ ቀን ስጪኝ፣ እኔ እነግራታለሁ ይላታል። ትንሽ ቀን እያለ ዓመቱ ዞረ።

በዓሉ ዳግመኛ ሲቃረብ እታለም ከወትሮው በላይ እንደምትደግስ ላከችበት፤ ያችን የጎደለች ሥጋውን በአንድ ቀን ልትመልሳት ያሰበች ይመስል ነበር። ጉንጮ ሄዶ ቢበላ ጠዋት ዓይኑ ምን እንደሚያሳየው ያውቃል፤ ሄዶ ባይበላ ሊናገር ነው። ስለዚህ ሦስተኛ መንገድ ፈለገ። ስምሪት ክፍል ገብቶ በበዓል ቀን ልሥራ ብሎ ተመዘገበ። ለእህቱ ደግሞ ደውሎ ሾፌር ጠፍቶ ተመድቤ ነው አላት። እሷ እሺ ብላ ዘጋች። ሚስቱ በዚያ ቀን አላናገረችውም።

በበዓሉ ቀን መንገዱ ጭር ብሏል። አውቶቡሱ ውስጥ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ተሳፋሪዎች፣ ስጦታ የያዙና የተኳኳሉ ናቸው። ጉንጮ እህቱ ሰፈር ያለው ፌርማታ ሲደርስ በፊት ለፊቱ በር እታለም ተሳፈረች። የበዓል ልብሷን ለብሳለች፤ ክንዷ ላይ በጨርቅ የተሸፈነ ዘንቢል አንጠልጥላለች፣ ሽታው እሷን ቀድሟት ገባ። እሱ ደንግጦ ምን እግር ጣለሽ ሲላት፣ ሥራህን ሥራ፣ አንተ ካልመጣህ እኔ መጣሁ አለችውና ልክ ከኋላው ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ትንሽ እንደሄዱ አጠገቧ ካለች ሴት ጋር ወሬ ጀመረች። ጉንጮ ሁለቱንም በስፖኪዮ ያያቸዋል። ሾፌሩ ወንድሟ እንደሆነ ነገረቻት። ሴትዮዋ ለበዓል የሚሠራ ሰው ያሳዝናል ስትላት፣ እታለም ድምጿን ዝቅ አደረገች መስሏት፣ ቤቱ ቢውልስ ምን ሊበላ ነው አለች። ሚስቱ አንጀቷ ድንጋይ እንደሆነ፣ ወንድሟን አጥንቱን እንዳስቀረችው፣ እሷ ባትኖር የሚያስታውሰው እንደሌለ እየዘረዘረች ሄደች። ሴትዮዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ የጉንጮን ማጅራት በኀዘኔታ አየችው። የእሱ ፊት ደም ለበሰ። ይህ ሁሉ ሲወራ እንደነበር ከሚስቱ ሰምቷል፤ በጆሮው ሲሰማው ግን ሌላ ነገር ነው።

የመጨረሻው ፌርማታ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ወረደ። እስኪመለሱ ጥቂት እረፍት አለ። ጉንጮ ሞተሩን አጥፍቶ ከጋቢናው ወጣና እህቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እሷ ጨርቁን ገልጣ ምሳ ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ወንበሩ ላይ ደረደረች። ዶሮው፣ ሥጋው፣ ሩዙ፣ ኬኩ፣ ሁሉም አለ። «በሞ...» ብላ ስትጀምር አቋረጣት።

«እታለም፣ ስኳር አለብኝ።»

እጇ ክዳኑን እንደያዘ ቀረ። በዝግታ መልሳ ገጠመችው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካምናው በዓል በፊት ነው የታወቀው።»

«እንግዲያው ያን ቀን እኔ ቤት ስትበላ ታውቅ ነበር።»

ያውቅ እንደነበር ነገራት። ያን ቀን ከበላ በኋላ ጠዋት የሆነውንም፣ ስለ አዛውንቱም፣ ጋራዥ በር ላይ ስላሳለፋቸው ወራትም ነገራት። መክሳቱ ሚስቱ አስርባው ሳይሆን ሚስቱ ስላዳነችው እንደሆነ፣ እንዳትናገርም እሱ ራሱ እንዳስማላት፣ ሐሜቱን ሁሉ ችላ ዝም ያለችው ለእሱ ቃል ብላ እንደሆነ ተናገረ። ለምን ደበቅኸኝ አላለችውም። እሱ ግን ራሱ መለሰ፤ እናታችንን አስታውሰሽ እንዳትሰቃዪ አዝኜልሽ ነው አላት።

እታለም በመስኮቱ ባዶውን መንገድ እያየች ተናገረች። 

«እናታችንም አዝናልኝ ነበር። ቁስሏን በጨርቅ ጠቅልላ ትደብቀኛለች፤ ልጅ ናት ትደነግጣለች ብላ። እኔ ያወቅሁት ሽታው ሲመጣ ነው። ቀደም ብላ ብትነግረኝ ኖሮ ተሸክሜም ቢሆን ሐኪም ዘንድ አደርሳት ነበር። አሁን ደግሞ አንተ አሮጊት ናት ብለህ ታዝንልኛለህ?»

ጉንጮ እጇን ሊይዝ ሲል ሳበችው፤ ከዚያ ራሷ መልሳ እጁን ያዘችው። እንዲህ እንደተያያዙ እረፍቱ አለቀ። ምሳ ዕቃዎቹን ወደ ዘንቢሉ መለሰችና፣ ተነሳና ንዳ፣ ቤትህ ፌርማታ ላይ አውርደኝ አለችው። ሲያወርዳት ዞር ብላ አላየችውም። ዘንቢሏን ይዛ ወደ ቤቱ ስትሄድ አካሄዷ ፍርድ ቤት እንደተጠራ ሰው ነበር።

ሚስቱ በበዓል ቀንም መኪናዋ ላይ ነበረች። ልብስ የሚረከባት ሰው ኖሮ አይደለም፤ ባሏ በሌለበት ቤት ለብቻዋ መቀመጥ ቢያስጠላት ነው። እታለም በሩ ላይ ቆማ፣ ጉንጮ ሁሉንም ነገረኝ አለቻት። ሚስቱ መኪናውን አቆመች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰችና ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠች። እታለም ይቅርታ ለመጠየቅ ብዙ ቃል ይዛ ነበር የመጣችው፤ ከአፏ የወጣው ግን፣ ስምሽን አጠፋሁት፣ ብቻ ነበር።

ሚስቱ ቶሎ አልራራችም። «እታለም፣ ለወንድምዎ ብዬ ችዬዋለሁ» አለቻት። «ዳቦ ቤት ስገባ ግን ወሬ የሚቆመው እኔን ሲያዩ ነው። እዚህ ቤት ውስጥ ይቅርታ ቢሉኝ እዚያ ያለው አይጠፋም።»

እታለም እውነትሽን ነው አለች።  ሁለቱም ከጠዋት ጀምሮ አልበሉም ነበርና ዘንቢሉ ተከፈተ፤ የጉንጮን ዶሮ ሁለቱ ሴቶች ፊት ለፊት ተቀምጠው በሉት።

በማግስቱ እታለም ነጠላ ጫማዋን አድርጋ ሰፈሩን ዞረች። ለጎረቤቷ፣ ለዳቦ ቤቷ ሴትዮ፣ ወሬውን ላደረሰችባቸው ሁሉ፣ ያልኳችሁ ውሸት ነው አለቻቸው። ወንድሜ ስኳር አለበት፣ በሕይወት ያቆየችው ያቺ ያማኋት ሴት ናት አለቻቸው። የበሽታውን ስም በአፏ ስትጠራ ሰው የሰማት ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነበር። የዳቦ ቤቷ ሴትዮ ነገሩን ከቁብ ሳትቆጥረው ወደ ሌላ ወሬ ልትሄድ ስትል እታለም ክንዷን ይዛ ደግማ ነገረቻት።

ከበዓሉ በኋላ በነበረው እሑድ ጉንጮና ሚስቱ እታለም ቤት ተጠሩ። ሚስቱ ለመርዳት ቀደም ብላ ሄደች፤ ወጥ ቤት ስትገባ ግን ደነገጠች። እታለም ሌሊቱን ስታስብ አድራ ሁሉንም ነገር ቀቅላዋለች። ዶሮው ነጭ ሆኖ ውሃ ውስጥ ተኝቷል፣ ካሮቱ እንደ ሆስፒታል ምግብ ተፈጭቷል፣ ጣፋጭ የሚባል ነገር በቤቱ የለም። ሚስቱ ሳቋን መያዝ አቃታት። ወንድምዎ በሽተኛ አልጋ ላይ አይደለም፣ በዓል ሊበላ ነው የሚመጣው አለቻት። እታለም መጀመሪያ ተቆጣች፤ አርባ ዓመት ያበሰልኩ ሴት ነኝ አለች። ከዚያ ማንኪያ አንስታ የራሷን ዶሮ ቀመሰች። ፊቷን አጨማደደችና ማንኪያውን አስቀመጠች።

እንደገና ጀመሩ። ሌላ ዶሮ ተገዛ፤ ቆዳው ተገፍፎ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ ተጠበሰ። ሩዙ ቅቤው ቀነሰ፣ አትክልቱ በዝቶ በትልቁ ሳህን ቀረበ፤ ጎመኑ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ ወረደ። ኬክ ይኑር አይኑር የሚለው ረጅም ክርክር ነበር። እታለም ከበሩም አይደርስም አለች። ሚስቱ ደግሞ፣ እዚህ ፊት ለፊታችን ትንሽ ካልበላ ከኋላችን ብዙ ይበላል፣ እኔ ባሌን አውቀዋለሁ አለች። ኬኩ ተጋገረ፤ ትንሽ።

ጉንጮ ሲመጣ ጠረጴዛው ተዘጋጅቷል። ከመቀመጡ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ አለ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩት።

«ዛሬ በራሴ እጅ ላንሳ። ማንም አይጨምርልኝ፣ ማንም አይቁጠርብኝ።»

ሚስቱ እሺ አለች። ከዚያ ቀን በፊት እሷም በዓይኗ ጉርሻውን ስትቆጥር እንደኖረች ታውቃለችና ትንሽ አፈረች። ጉንጮ ሳህኑን አነሳ። መጀመሪያ አትክልቱን፣ ቀጥሎ ከዶሮው አንድ ብልት፣ ከሩዙ ጥቂት አደረገ። እታለም ጭልፋው አጠገቧ ነበር። እጇ በልማዱ ተነስቶ አየር ላይ ደረሰና ተመልሶ ጭኗ ላይ አረፈ። ለመጀመሪያ ጊዜ አብራቸው ተቀምጣ በላች፤ ቆማ ስታበላ ስለኖረች ወንበሩ ላይ እንግዳ መሰለች።

ጉንጮ ቀስ ብሎ ነበር የሚበላው። ለዓመታት እህቱ ቤት ሲበላ የሚያስበው የሳህኑን መሙላትና መጉደል ነበር፤ አንዷን ለማስደሰት ይውጣል፣ ከሌላዋ ለመደበቅ ይውጣል። ዛሬ የሎሚው ጣዕም ምላሱ ላይ ሲቆይ ተሰማው። የእታለም እጅ እንዲህ እንደሚጣፍጥ ረስቶት ነበር፤ ነገራትም። ከኬኩ ጣት የምታህል ቆርሶ በላ። ሚስቱ በዚያ ሰዓት ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶ ስታይ ነበር፤ ሆን ብላ እንደሆነ ገባው። ሌላ ቁራጭ አማረው። እጁ ሳህኑ ላይ ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ውሃውን አንስቶ ጠጣ።

በሳምንቱ እታለም ሰፊዋ ጋ መጣችና እኔም ልመርመር፣ ሐኪም ቤት አብረሽኝ ሂጂ አለቻት። ጉንጮ እኔ ልውሰድሽ ቢላት፣ አንተ መሸፋፈን ትወዳለህ፣ እሷ እውነቱን ትነግረኛለች ብላ መለሰችው። ሁለቱ ሴቶች ሐኪም ቤቱ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ተራ ጠበቁ። እታለም ቦርሳዋን በሁለት እጇ ጨብጣ ነበር፤ የምታወራው ሁሉ ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ ነበር። ስሟ ሲጠራ ሰፊዋ አብራት ገባች።

ስኳር የለባትም ነበር። ደም ግፊቷ ግን ከፍ ብሏል፤ የመረመራት ሐኪም መድኃኒት አዘዘላትና ጨው እንድትቀንስ ነገራት።  ሲወጡ ግቢው ውስጥ ቆም አለችና፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ምግብ ጨው ሲያንሰው ስትጨምር የኖረች ሴት አሁን ምን ልትበላ ነው ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄው ለሐኪሙም ለእግዜርም ይመስል ነበር።

ሰፊዋ ክንዷን በክንዷ ውስጥ አስገባች። «አይጨነቁ» አለቻት፤ «እኔ ቤት ይምጡ፣ አሳይዎታለሁ።»

መንገዱን ተሻግረው፣ ስለ ነጭ ሽንኩርትና ስለ ሎሚ እየተከራከሩ ወደ ፌርማታው ሄዱ።